የጉርዱ እጥፎች

ሐሙስ፣ የካቲት 20
ከሥራ ጠረጴዛዬ

ለድንቢጤ፣

እንደምን አለሽልኝ? ጉሮሮሽን ተሻለሽ ወይ? በላክሽው የድምፅ መልእክት ላይ ሻክሮ ሰማሁት፤ እናትሽ ደግሞ ሰምታ ስካርፍ ካልላክን ብላ ሁለት ቀን አላስቀመጠችኝም። እኛ ደህና ነን። እሷ ጉልበቷን ያዝ ለቀቅ ያደርጋታል፣ ሌላው ሁሉ ሰላም ነው። እኔ መነጽር ቀይሬያለሁ። አዲሱ ሁሉንም አጥርቶ ያሳያል፣ ባላየው የምመርጠውን ጭምር፤ ባለፈው ሳምንት ስሠራው በነበረው የሰርግ ቪዲዮ ላይ ሙሽራው ቃል እየገባ ስልኩን በጎን ሲያይ ያዝኩት። ቆርጬ አወጣሁለት። ትዳራቸውን ያጽናልን እንጂ ሌላ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ፊልምሽ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ብቻዬን፣ እንደ ማንኛውም ተመልካች። ሁለተኛ እስክሪብቶ ይዤ። ሦስተኛውን ከእናትሽ ጋር ነው ያየሁት፣ ወደዚያ እመጣለሁ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን አንቺ በስልክ ሰው አታስጨርሺም፣ እኔም በስልክ ደግ እሆናለሁ። ኤዲተር ደግ ከሆነ ፊልሙ ይበላሻል።

ጥያቄሽ በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ መልሼ ልበለው። ፊልሙ አንቺ ጋ በሁለት መልክ ተቀምጧል። በረጅሙ ውስጥ እናትየው ልጇን ገና ትንሽ ሳለች ትታ፣ ሻንጣዋን ይዛ ለሥራ ወደ ሌላ አገር ትሄዳለች፤ ልጅቷን አክስትየው ታሳድጋታለች። በአጭሩ ውስጥ ማንም አይሄድም። አንዲት እናት አለች፣ እሷው ታሳድጋለች። ሁለቱን እህትማማቾች አንዲት ተዋናይት ስለተጫወተቻቸው (እኔና እናትሽን ሰው መንታ ናችሁ ወይ እያለ ሲያደርቀን ነው የኖረው) የሻንጣውን ትዕይንትና ጥቂት ንግግሮች አውጥተሽ ስትቀጥዪው ሁለቱ ሴቶች አንድ ሰው ሆነዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ፊልሙ ይቆለፋል፣ ከዚያ በኋላ ምንም አይነካም። የትኛው ይሁን ነው ያልሽኝ። ከሥሩም እንዲህ ጽፈሻል፦ «እማዬን ጥላኝ የሄደች አድርጌ በሰው ፊት ላቆማት አልችልም። አንቺ ትረጂኛለሽ።» ለማየት የላክሽልኝም አጭሩን ነው። ረጅሙን በስክሪፕት አውቀዋለሁ።

እንግዲህ ከምስጋናው ልጀምር፣ እሱ አጭር ስለሆነ ቶሎ ያልቃል።

ካሜራው ከልጅቷ ቁመት አለመውጣቱ ጎበዝ ያሰኝሻል። መጀመሪያ ላይ የአዋቂዎቹን ወገብ፣ ኪስና የእጅ ቦርሳ ነው የምናየው፤ ፊታቸው ከፍሬሙ በላይ ቀርቷል። ልጅቷ ባደገች ቁጥር ካሜራው ከፍ ይላል፣ አገጭ እናያለን፣ ከዚያ አፍ፣ ከዚያ ዓይን። መጨረሻ አካባቢ ከሴትዮዋ አጠገብ ቆማ አናቷን ከላይ ስታይ፣ መሃሉ ላይ ሽበቱን ስታይ፣ ማንም አፍ አውጥቶ ሳይነግረን ልጅቷ ማደጓን አወቅን። ይሄን ከእኔ አልተማርሽውም። ከማን ተማርሽው ብዬም አልጠይቅም፣ ከራስሽ ነው ብዬ ዝም ብዬ እኮራለሁ።

አውቶቡስ ውስጥ ያለው ረጅም ሾትም ጥሩ ነው። ልጅቷ ከጓደኛዋ ጋር ተኳርፋ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ካሜራው ሳይቆረጥ ሲያያቸው፣ አንዷ የጆሮ ማዳመጫዋን አንድ ጎን አውጥታ እስክትሰጣት ድረስ። እኔ ብሆን ትዕግሥት አጥቼ መሃሉን እቆርጠው ነበር። አንቺ አልቆረጥሽውም፣ ደግ አደረግሽ።

ተራኪዋን ግን ዝም አሰኚልኝ። ትልቋ ልጅ ከጀርባ ሆና «ያኔ ምንም አላወቅሁም ነበር» ትላለች፤ ትንሿ ልጅ ደግሞ ፊታችን ቆማ አለማወቋን እያሳየችን ነው። አንዱን ሥራ ለሁለት ሰው አትስጪ። ይሄን ሕግ ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ። ያኔ ከትምህርት ቤት መጥተሽ ወንበሬ ሥር ቁጭ ብለሽ ብስኩት እየፈረፈርሽ፣ «እቴቴ፣ ያ ሰውዬ ከፊልሙ ለምን ጠፋ?» ስትዪኝ፣ «ሥራውን ሌላ ሰው እየሠራለት ነው» እልሽ ነበር። ትሰሚ ነበር፣ ሕጉን ይዘሽ አድገሻል።

አወቃቀሩን በተመለከተ፣ አጀማመርሽ ደህና ነው፣ አጨራረስሽንም በኋላ እንነጋገርበታለን። መሃሉ ግን ይተኛል። ከብስክሌቱ መሰረቅ ጀምሮ እስከ ፈተናው ድረስ ልጅቷ ትወድቃለች፣ ትነሣለች፣ ትጣላለች፣ ትታረቃለች። እያንዳንዱ ትዕይንት ለብቻው ቢታይ እጅና እግር አለው። ሲደረደር ግን ተመልካች ሰዓቱን ያያል። መጀመሪያ ስመለከተው ምክንያቱን አላገኘሁትም፣ ሁለተኛም አላገኘሁትም። ዳር ላይ «ለምን?» ብዬ ጽፌ አለፍኩት።

አሁን ወደ ጉርዱ። የፊልሙ ልብ እሱ ነው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጉርድሽ በስተውስጥ ተጣጥፎ የተሰፋ ነበር። ትምህርት ሲጀመር በየዓመቱ አንዱን እጥፍ በምላጭ ፈትቼ እተኩሰዋለሁ፣ ጉርዱ ካንቺ ጋር ይረዝማል፤ የድሮው እጥፍ መስመር ግን በካውያ አይጠፋም። አንቺ በዚህ ዓመታቱን አሳለፍሽበት። ምላጭ ክር ይበጥሳል፣ ካውያ ያልፋል፣ መስመር ይቀራል፣ እግር ደረጃ ይወርዳል። እንደገና ምላጭ፣ ካውያ፣ መስመር፣ ረዘም ያለ እግር። ከአራተኛው በኋላ የሚፈታ ነገር ያልቃል፣ እጆቹም ደብዘዝ ካለ ሌላ ሰማያዊ ጨርቅ ቅጥያ አምጥተው ከታች ይሰፉበታል። ሙዚቃ የለም። ተራኪዋም እዚህ ጋ እግዜር ይስጣትና ዝም ብላለች። ሥራዬን ወደ ልብስ ሰፊነት መቀየርሽን በስክሪፕቱ ሳነብ ትንሽ አኩርፌ ነበር፤ አሁን ሳየው ያም ያም መቁረጥና መቀጠል ነው ብዬ ተውኩት።

እጆቹን አወቅኋቸው። ባለፈው ዓመት ስትመጪ «አዲስ ሌንስ ልሞክር» ብለሽ መስኮቱ ጋ አስቀምጠሽ ስፌት ስታስፈቺኝና ስታሰፊኝ የዋልሽው ለካ ለዚህ ነበር! ይሄ ዓይን ያወጣ ማጭበርበር ነው። አውራ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ድሮ ፊልም በምላጭ ስንቆርጥ ያተረፍኩት ነው። የተዋናይቷ አውራ ጣት ላይ ጠባሳ የለም። ስለዚህ የተከታታይነት ስህተት ብለሽ መዝግቢው።

ሌላም ስህተት አለ። ልጅቷ ከደረጃው ሥር ሆና ወደ ላይ ስትጣራ ድምፁ «እማዬ!» ይላል። ከንፈሯ ግን አይገጥምም። «እማዬ» የሚል ሰው መሃል ላይ አፉን መዝጋት አለበት፣ የእሷ አፍ እንደተከፈተ ነው። ድምፁን አጥፍቼ መልሼ አየሁት። «እቴቴ» ነው የምትለው። ስትቀርጹት እንደዚያ ብላለች፣ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ቃሉን ቀይራችሁበታል። ሥራው ንጹህ ነው፣ ሲኒማ ሙሉ ሰው ቢያየው ማንም ልብ አይልም። እኔ ግን እንጀራዬ ነው።

ይሄ የሆነው መጀመሪያ ብቻዬን ሳየው ነው። ፊልሙን አቁሜ ዕቃ ላጥብ ተነሣሁ። ታጥቦ የተቀመጠውንም ደግሜ አጠብኩት። ከፋኝ፣ ድንቢጤ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁለት፣ ከፋኝ። ከዚያ እጄን አድርቄ ተመልሼ ጨረስኩት።

በማግስቱ መልስ ጻፍኩልሽ። «አጭሩ ይሁን። ሁለት ሴት ተመልካች ያደናግራል፣ እናትሽም አታፍርም» የሚል፣ ከዚያ የማይበልጥ። ለምን እንደዚያ እንደጻፍኩ ልንገርሽ። ረጅሙን ምረጪ ማለት እኔን መልሺኝ ማለት ነው። በገዛ ጉዳዬ ዳኛ ሆኜ ልቀመጥ ነው? ሥራውን አይቼ ልፍረድ ወይስ ከፍቶኝ ልፍረድ፣ ልለየው አልቻልኩም። ሠላሳ ዓመት ሰው ስቆርጥ የኖርኩ ሴትዮ ራሴ ላይ ሲደርስ መቁረጥ ቢያቅተኝ ያሳፍራል አይደል? ስለዚህ ወደ እኔ የማያደላውን መረጥኩ።

ልልከው ስል እናትሽ ከገበያ ገባች። አንቺ ከዚህ ቤት ከወጣሽ በኋላ እሷ ስለገባች፣ አንቺም ለበዓል ስትመጪ ብቻ ስለምታያት፣ በአዘቦት ቀን ምን እንደምትመስል አታውቂያትም። ጫማዋን ሳታወልቅ ነው ወሬ የምትጀምረው።

«የልጄ ፊልም ደርሶ ነው የደበቅሽኝ?»

«አልደበቅሁሽም። ገና አላለቀም።»

«እኔም ገና አላለቅሁም። ክፈቺው።»

መጋረጃውን ዘግተን እዚሁ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጥን። እንደ ሬዲዮ ነበረች። «ይሄ ሳሎን የኛ አይደለም፣ የኛ ግድግዳ እንዲህ ነጥቶ አያውቅም።» «ይቺ ሴትዮ ከኔ ትወፍራለች፣ ንገሪያት።» «ልጅቷ ግን ቁርጥ እሷን! አፍንጫዋን እይ!» የሻንጣው ትዕይንት መኖር የነበረበት ቦታ ሲደርስ በጎን አየኋት። ሻንጣ የለም። ሴትዮዋ በማግስቱም ቤት ናት፣ በማግስቱም። ከዚያ ወዲህ የእናትሽ ሬዲዮ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ።

ጉርዱ መጣ። አንዱ እጥፍ ተፈታ፣ ሁለተኛው ተፈታ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ቅጥያው ላይ ስንደርስ «አቁሚው» አለችኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅጥያ ነው።»

«ለምን ተቀጠለ?»

«እጥፉ አልቆ ነዋ። ልጅቷ አደገች።»

«በውነትም እንዲህ ነበር? ወይስ ለፊልሙ ነው?»

«በውነትም ነበር። ከመጋረጃ የተረፈ ጨርቅ ነው የቀጠልኩበት።»

ከዚያ «ቀጥዪ» አለችኝና እስከ መጨረሻው አየን። ልጅቷ ከቤት ስትወጣ በሩ ላይ ባለው ንግግር አለቀሰች፣ ሳትደብቅ፣ በሻሿ ጫፍ እየጠረገች። የስም ዝርዝሩ መውረድ ሲጀምር ግን የተናገረችው ይሄን ነው፦

«ጥሩ እናት ናት። ማናት ግን?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ የት ነበርኩና?» አለችኝ። «እጁ ያንቺ ነው። አውራ ጣትሽን የማላውቀው መሰለሽ? ደግሞ እኔ እንዲህ ቀስ ብዬ አልናገርም። ይቺ ሴትዮ እኔም አይደለሁ፣ አንቺም አይደለሽ።»

መጋረጃውን ልከፍት ስነሣ እጄን ያዘችኝ።

«ያን ጉርድ ማን ያጠፈው ይመስልሻል?»

«የሱቁ ሰፊ ነዋ።»

«ለሱቅ የሚሰፋ ሰው እንደዚያ ያለ ስፌት ይሰፋል? እያንዳንዱ እጥፍ ለብቻው፣ አንዱ ሲፈታ ሌላው እንዳይነካ?»

እሷ ነበረች። ከመሄዷ በፊት በነበረው ሳምንት፣ አንቺ እስክትተኚ እየጠበቀች። በቁመትሽ ሳይሆን በሚመጣው ቁመትሽ ገዛችው፣ ወገቡን በላስቲክ ሰበሰበችው፣ ከታች አራት ጊዜ አጠፈችው። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ። «አራተኛውን ስትፈቺላት እኔ ተመልሼ በር ላይ እቆማለሁ ብዬ ነው» አለችኝ። «ከዚያ በላይ የሚሆን ጨርቅ ነበረው። ሆን ብዬ ነው ያስቆረጥኩት።»

ለምን እንዳልመጣች አንቺም እኔም እናውቃለን። መጀመሪያ የመኖሪያ ፈቃዷ ነበር፣ ከዚያ የምታስታምማቸው ሽማግሌ አልጋ ላይ ዋሉ፣ ከዚያ ደግሞ ጊዜው ራሱ ልማድ ሆነ። ይሄን ሁሉ ያኔ በስልክ ነግራናለች፣ ተቀይመናታል፣ ትተነዋልም። ስለ እጥፉ ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ «ምን ብዬ? ቃሌ ጨርቅ ላይ ተሰፍቶ አለ፣ እያየሽ ታዘቢኝ ልበልሽ?» አለችኝ።

አየሽ ድንቢጤ፣ እኔ በየዓመቱ ምላጬን ይዤ የእህቴን ስፌት ስፈታ ኖሬያለሁ፣ አላውቅም ነበር። እሷ እጥፉ ሲያልቅ ምን እንደተቀጠለበት አታውቅም ነበር። አንቺ ደግሞ ሁለቱንም ሳታውቂ፣ መስመሩ ስላማረሽ ብቻ፣ ፊልም ላይ አደረግሽው። ያን ዕለት አንጀቴን የበላው ይሄ ነው። ያዘጋጀሁልሽን መልስ አጠፋሁት።

ስለዚህ አሁን የምጽፍልሽ የሥራ አስተያየቴ ነው፣ እንደ ሥራ አስተያየትም ውሰጂው። መሃሉ ለምን እንደሚተኛ አሁን ገብቶኛል። ልጅቷ የምትጠብቀው ሰው የለም። ማንም ካልሄደ ማንም አይመለስም፣ ጉርዱም ጉርድ ብቻ ነው። እናትየው ሄዳ ከሆነ ግን እያንዳንዱ እጥፍ ሲፈታ አንድ ዓመት ቀነሰ ማለት ነው፣ ተመልካቹም ከልጅቷ እኩል ይቆጥራል። ያን ጊዜ የብስክሌቱ መሰረቅም ሌላ ነው፤ ለማን ልንገር የሚል ነገር አለው። ጡዘቱ ፈተናው አይደለም፣ እዚያ ላይ ተሳስተሻል። ጡዘቱ ቅጥያው ነው። በሩ እያለ፣ እጥፉ አልቆ፣ የሚገባ ሰው ሲጠፋ። አንድም ቃል መጨመር የለብሽም፣ ያለሽን ሾት ነው የምታስቀምጪው። ረጅሙን ቆልፊው።

ይሄ የእኔ ፍርድ ብቻ ቢሆን አልልክልሽም ነበር። እናትሽን ጠይቄያታለሁ። ነገሩን ሳላሽሞነሙን አስረዳኋት፦ በአንደኛው ትሄጃለሽ፣ በሌላው አትሄጂም።

«ስሄድ ያየ ሰው ምን ይለኛል?»

«ጥላት ሄደች ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላም የሚል አይጠፋም። የመጀመሪያው ግን ይሄ ነው።»

ድንች ትልጥ ነበር፣ መላጧን አላቆመችም። «ይበል» አለች። «ሄጃለሁ እኮ። ልጄ ለኔ ብላ ከሆነ የደበቀችው፣ ንገሪያት፣ ስሄድ ካላዩኝ ነበርኩም አይባል። ሻንጣዬን ትመልስልኝ።» እንዳለችው ጻፍኩልሽ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ አንድ ሾት ቀረጽንልሽ፣ ከዚህ ጋር ይደርስሻል። ለሌንስ ሙከራ ብለሽ ያመጣሽው ጉርድ መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ያኔ ባስቀመጥሽኝ መስኮት ጋ፣ በዚያው ወንበር ላይ አስቀመጥኋት፣ ካሜራውን በዚያው ቁመት አደረግሁት። ጉትቻዬን ካላደረግሁ አለች። «እጅሽ ብቻ ነው የሚታየው» ብላት «ጉትቻ ካላደረግሁ እጄ አይታዘዘኝም» አለችኝ። አደረገች። ቅጥያውን ራሷ ፈታችው፣ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ጉርዱን አንድ በአንድ መልሳ አጠፈችው፣ ከታች ወደ ላይ፣ አራቱንም። መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት ትንሽ ታግላለች፣ ያን አትቁረጪው። ስታጥፍ ለራሷ የምትለው ነገር አለ። ድምፁን አልነካሁትም፣ ሰምተሽ አንቺ ወስኚ።

ከርዕሱ በፊት አስቀምጪው። ልጅቷ ተኝታለች፣ እጆች ያጥፋሉ፣ የማን እንደሆኑ አናይም። ከዚያ ሻንጣው። ከዚያ የመጀመሪያው እጥፍ ሲፈታ ሌላ እጅ ይመጣል፣ ባለ ጠባሳው። ተመልካች ሁለት ሴቶች መሆናቸውን በእጃቸው ይለያል፣ ፊታቸው አንድ ቢሆንም ግድ የለም። ፕሮዲዩሰርሽም ተደናገርኩ ካለ መነጽር ይቀይር። ጠባሳውን ስህተት ብለሽ መዝግቢው ያልኩሽን ሰርዢው።

የልጅቷን ድምፅም ወደነበረበት መልሺው። ለእኔ ብለሽ አይደለም፣ ከንፈሯ ስለማይገጥም ነው።

አንድ ነገር ይቀራል፣ የመጨረሻው ትዕይንት። ልጅቷ አድጋ ከቤት ስትወጣ ሴትዮዋ በሩ ላይ የምትናገረው ንግግር ያምራል። ስለ ክንፍ ነው፣ ስለ መንገድ ነው፣ ብቻ ያምራል፣ እናትሽንም አስለቅሷታል። አውጪው። በዚህ ቤት ማንም እንደዚያ ተናግሮ አያውቅም። አንቺ ስትሄጂ በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ፣ ያልኩሽም «ቁልፍሽን ይዘሻል?» ብቻ ነው። አገር ለቅቆ ለሚሄድ ሰው! አንቺም ሳቅሽ፣ ኪስሽን በእጅሽ መታ መታ አድርገሽ አሳየሽኝ፣ ወረድሽ። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ይሄ ነበር፣ ስለዚህ የተቀረጸ ሳይኖርሽ አይቀርም። እሱን ፈልጊው።

ካሜራውን ደግሞ ከልጅቷ ጋር አውርጂው። እስከ አሁን ከፍ ከፍ ሲል የነበረው ካሜራ ደረጃ ስትወርድ በግድ ዝቅ ይላል። ጥቂት ወርዳ ዞር ስትል ከላይ የምታየው ያንኑ ልጅ ሆና ያየችውን ነው፣ ወገብ፣ ኪስ፣ እጅ። ያ ይበቃል፣ እዚያ ላይ ጨርሺ። አስበሽበት ከሆነ እሰየው፣ ካላሰብሽበትም አስቤበት ነበር በይ።

አስተያየቴ ይሄው ነው። ፊልሙ ጥሩ ነው፣ ረስቼ ሳልነግርሽ እንዳልቀር። ለናትሽ ደውዪላት፣ እኔን አገናኚኝ ሳትዪ ቀጥታ ለሷ። ስለ ሾቱ ምን እንደምትይ ስትጠብቅ ስልኩን ይዛ ነው የምትዞረው፣ እንዳትነግሪያት ብላኛለች። ስካርፉንም ልከናል፤ ቀለሙን እኔ አልመረጥኩም።

ሥራሽን ያቅናልሽ። ዓይንሽን ያብራልሽ፣ እጅሽን ያርጋልሽ። የሚመክርሽ አይጥፋ፣ የምትሰሚውንም መምረጡን አምላክ ያውቅልሽ። ከክፉ ይሰውርሽ፣ ጉሮሮሽን በሙቅ ውኃ ያዢው።

የሕንፃው የታች በር መቆለፊያ ተቀይሯል፣ ስትመጪ ዘበኛው ይከፍትልሻል። የላዩ፣ የቤታችን ግን ያው ነው። እናትሽ ላስቀይረው ብላ ሰው ጠርታ ነበር፣ እኔ ነኝ የመለስኩት። ቁልፍሽ ይከፍተዋል።

እቴቴ